ጠይቁን፦ አሉሚኒየም ቀለም የሚጠጣው መቼ ነው?

ለቴክኒክ አምዳችን ሰሞኑን ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ በቶርኖ ወይም በእጅ የተሠሩ ትናንሽ የአሉሚኒየም ዕቃዎችን ቤት ውስጥ አኖዳይዝ ስለማድረግ፣ ማለትም በአሲድና በኤሌክትሪክ ገጻቸውን ቀለም ወደሚይዝ ቆዳ ስለመለወጥ። ጠያቂዎቹ የሚጨነቁት ስለ አሲዱና ስለ ቀለሙ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ዕቃው በተንጠለጠለበት ሽቦና በአምፔር ቆጠራው ላይ። እዚያ ላይ ረዘም አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ለድምፅ ማጉያ የሚሆኑ ትናንሽ ማዞሪያዎችን በቶርኖ እሠራለሁ። ቀለም ስቀባቸው በጥቂት ወራት ይላጣሉ። በመኪና ባትሪ አሲድ አኖዳይዝ ማድረግ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። አሲዱ ምን ያህል ይሁን? ምን ያህል ኤሌክትሪክስ ይፈልጋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል። በመጀመሪያ ቀለሙ ለምን እንደሚላጥ እንይ። ቀለም ሲቀቡ ብረቱ ላይ ሌላ ነገር እየለጠፉ ነው። አኖዳይዝ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም፤ የአሉሚኒየሙ ገጽ ራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለወጣል። አሉሚኒየም አየር ላይ ሲቀመጥም በራሱ ይህን ቆዳ ያወጣል፤ ውፍረቱ ግን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። አሲድ ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ይደርሳል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ናት። ቆዳው እያደገ ሳለ አሲዱ በጎን ስለሚበላው እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ቀለሙ የሚገባው እነዚህ ውስጥ ነው። በመጨረሻ አፋቸው ሲዘጋ ቀለሙ እዚያው ይቀራል።

ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው አሲድ በሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ በሚያሳይ መለኪያ) ሲለካ 1.28 አካባቢ ያነባል፤ በአንድ ሊትሩ ውስጥ 470 ግራም ያህል ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ለእኛ ሥራ በሊትር ከ150 እስከ 200 ግራም ይበቃል። ስለዚህ 2 ሊትር ለባትሪ የሚሸጥ የተጣራ ውሃ ላይ 1 ሊትር አሲድ ይጨምሩ። ሃይድሮሜትሩ 1.10 አካባቢ ካነበበ ልክ ነው። ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃ ወደ አሲድ ከፈሰሰ ድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የዓይን መከላከያ መነፅርና የላስቲክ ጓንት ሳያደርጉ አይጀምሩ፤ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ባልዲ ውሃም አጠገብዎ ይኑር። የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ብረቱን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳዋል። ድብልቁ ሲዘጋጅ ይሞቃል፤ ወደ 20 ዲግሪ እስኪወርድ ይጠብቁ።

መያዣው የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን። በሁለቱም ጎን የአሉሚኒየም ላሜራ ያንጠልጥሉና ከፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው መሣሪያ) ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙ። የላሜራው ስፋት ከሚሠራው ዕቃ ስፋት ጋር ቢያንስ እኩል ይሁን። ዕቃው ከፖዘቲቩ ጋር ይገናኝና መሐል ላይ ይንጠልጠል፤ ላሜራውን በፍጹም አይንካ። እርሳስም ያገለግላል፤ ግን አሮጌ ባትሪ ሰብሮ እርሳስ ማውጣት ለራስም ለልጆችም መርዝ ነው፤ ላሜራው በቂ ነው። አረፋው በብዛት የሚወጣው ከላሜራው በኩል መሆን አለበት። ከዕቃው ከሆነ ሽቦዎቹ ተገላብጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ላሜራውን አውጥተው ይጠቡት፤ አሲዱ ውስጥ ካደረ ይበላል።

ስለ ኤሌክትሪኩ፦ ቮልቱን ሳይሆን አምፔሩን ይቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ዴሲሜትር ካሬ፣ ማለትም 10 በ10 ሴንቲሜትር ለሆነ ገጽ፣ 1.3 አምፔር ይስጡ። ዲያሜትሩ 30፣ ቁመቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ ማዞሪያ ዙሪያው 18.8 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ላይና ታቹ 14.1፣ በድምሩ 33 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ይህም 0.33 ዴሲሜትር ካሬ ይሆናል። አራት ቢያንጠለጥሉ 1.32፤ ስለዚህ 1.7 አምፔር። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ከሆነ የውስጡም ገጽ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ቆዳው ሳስቶ ይቀራል።

ጊዜውን ለማግኘት ቀላል ስሌት አለ። የቆዳው ውፍረት በማይክሮን፣ በዴሲሜትር ካሬ የሚሰጠው አምፔር በደቂቃው ተባዝቶ፣ ከዚያም በ0.3 ሲባዛ የሚገኘው ነው። 15 ማይክሮን ከፈለጉ በ1.3 አምፔር 38 ደቂቃ ይወስዳል። ለፈዛዛ ቀለማት 10 ማይክሮን ሊበቃ ይችላል፤ ጥቁር ግን ወደ 20 ካልተጠጉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። አምፔሩን ራሱ የሚገድብ፣ እስከ 20 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ምርጡ ነው። መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ባለው መሐል ይረጋል።

ዕቃው አሲድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። ከዚያ በአንድ ሊትር 50 ግራም ካስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ሶዳው ወደ ውሃው ይገባል፤ መያዣው ፕላስቲክ ይሁን፤ ክዳኑ አይዘጋ፤ ሃይድሮጅን ይወጣልና ሥራው ደጅ ይሁን። ሲወጣ ጥቁር ጥላሸት ቢታይበት እየታጠበ በብሩሽ ይጠረግ። ንጹሕ መሆኑን ውሃው ይነግርዎታል፦ እንደ አንድ ወረቀት ተዘርግቶ ከፈሰሰ ጸድቷል፤ ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት። የጣት አሻራ ቀለም ውስጥ ሲገባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አኖዳይዝ ጭረት አይሸፍንም። መስተዋት የመሰለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ከ400 ጀምሮ እስከ 1000 ቁጥር ወርዶ፣ ከዚያም አሳምሮ መወልወል አለበት፤ ካስቲክ ሶዳው ውስጥም በጥቂት ሰከንድ ይብቃው፤ ከቆየ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ 2 አምፔር ያህል ይስብ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ዜሮ ወረደ፤ ቮልቱ ደግሞ ጣሪያ ነካ። ዕቃው ሲወጣ እንደ ዘይት ጠብታ ቀስተ ደመና መሳይ ነበር፤ ቀለምም አልያዘም። አሲዱ ደክሞ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሲዱ አይደለም። ዕቃውና ሽቦው ተለያይተዋል።

የሚያድገው ቆዳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽቦው ዕቃው ላይ እንዲሁ ከተጠመጠመ፣ በሁለቱ መሐል ባለችው ቀጭን ክፍተት አሲድ ይገባል፤ እዚያም ቆዳ ያድግና መገናኛውን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው አሲድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ከመቀመጥ ሌላ የሚሠራው የለም። ስለዚህ መገናኛው አሲድ ሊገባበት የማይችል፣ ጠብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። ማዞሪያዎ የብሎን ጥርስ ያለው ቀዳዳ ካለው የአሉሚኒየም ዘንግ ጫፍ ላይ ያንኑ ጥርስ አውጥተው አጥብቀው ያስገቡት፤ ከዚህ የተሻለ የለም። ለስላሳ ቀዳዳ ከሆነ ወፍራም የአሉሚኒየም ሽቦ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርገው በኃይል ይሰክቱት። ቀዳዳ ለሌለው ዕቃ ሽቦውን እንደ ፒንሳ አፍ አጥፈው፣ በራሱ ጉልበት ከሁለት ጎን እንዲጫን ያድርጉ። አጥልቀው ሳብ ሲያደርጉት ንቅንቅ ካለ ገና ነው።

ሽቦው አሉሚኒየም ወይም ቲታኒየም ብቻ ይሁን። መዳብና ብረት አሲዱ ውስጥ ከገቡ ኤሌክትሪኩን እነሱ ይወስዱታል፤ ይሟሟሉ፤ አሲዱንም ያበላሹታል። ዕቃው ላይ የተሰካ የብረት ቪቴ ወይም ዳዶ ካለ አስቀድሞ ይውጣ። መዳቡን ከፈሳሹ በላይ፣ እንፋሎቱ ከማይደርስበት ብቻ ያገናኙት።

አንዴ የሠራ የአሉሚኒየም ሽቦ ቆዳ ለብሷል፤ ለሚቀጥለው ዙር ጫፉ ይቆረጥ ወይም በካስቲክ ሶዳ ይላጥ። የተበላሸውን ማዞሪያም በዚያው ሶዳ ልጠው ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ሽቦው የነካበት ቦታ ቀለም ስለማይዝ ከዓይን የተሰወረ ቦታ ይምረጡለት። አንድ ወገኑ የተደፈነ ቀዳዳ ያለው ዕቃ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ይንጠልጠል፤ አየር ከታፈነበት የውስጡ ገጽ ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ሥራው ሁሉ ባከነ ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልባከነም፤ ግን አሲዱ ውስጥ አይተዉት። ኤሌክትሪኩ ሲቆም ማደጉ ያቆማል፤ አሲዱ መብላቱን ግን አያቆምም። መብራቱ በሁለት ሦስት ደቂቃ ካልመጣ ዕቃውን ከነሽቦው አውጥተው ያለቅልቁና የተጣራ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ሽቦውን አይፍቱ፣ አያወዛውዙም፤ መገናኛው ከተንቀሳቀሰ አዲሱ የሚነካበት ቦታ ቆዳ ለብሶ ይጠብቀዋል።

ለመቀጠል አምፔርና ደቂቃን አባዝተው ይያዙ። 15 ማይክሮን ለአንድ ዴሲሜትር ካሬ 50 አምፔር-ደቂቃ ይፈልጋል። ከላይ ላየናቸው አራት ማዞሪያዎች 66 ነው። በ1.7 አምፔር 20 ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋ 34 ተከፍሏል፤ የቀረው 32፣ ማለትም 19 ደቂቃ። ሲመለሱ አምፔሩን በአንዴ አይልቀቁ፤ ከግማሽ ጀምረው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከፍ ያድርጉት።

መብራት የማይታመንበት ሰፈር ከሆነ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሠራል፤ በፊውዝ በኩል ይገናኝ። ባትሪ አምፔሩን አይጠብቅም፤ ቆዳው እየወፈረ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው እያነበቡ፣ እየደመሩ ድምሩ እስኪሞላ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ፒስተንና ከድስት ቅልጥ ያፈሰስኩት ዕቃ ግራጫና ዝንጉርጉር ሆነብኝ። የበርና መስኮት ቤት ቁርጥራጭ ይሻል ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በእጅጉ ይሻላል። ፒስተንና የሞተር ክዳን በሻጋታ በደንብ እንዲፈስ ብዙ ሲሊከን ይጨመርበታል። ሲሊከን ቆዳ አያወጣም፤ እንደ ጥቁር አመድ ገጹ ላይ ይቀራል። ጥቁር ቀለም ከሆነ ጉድለቱን ይደብቅ ይሆናል፤ ቀይና ወርቅማ ግን አይሞከሩም። ለበርና መስኮት የሚሠራበት ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ 6063 የሚባለው ቅይጥ ነው፤ ቀለም ከሚያሳምርባቸው አንዱ ነው። ለቶርኖ ዘንግ ሲገዙ 6061 ይጠይቁ። ብዙ መዳብ ያለበት 2024 ለጀማሪ አይሆንም።

ቁርጥራጩ ግን ከፋብሪካ አኖዳይዝ ተደርጎ ወይም ተቀብቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፎች ሳይጭሩ ገጹ ላይ ያሳርፏቸው፤ ካላገናኘ ቆዳ አለው። አኖዳይዙ በካስቲክ ሶዳ ይላጣል፤ የተጋገረ የዱቄት ቀለም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ይቀላል። የሚታጠፍ ዕቃም አስቀድሞ ይታጠፍ፤ ቆዳው ደረቅ ስለሆነ በኋላ ቢያጥፉት ይሰነጣጠቃል።

ከዚህ ቅልጥ ድስት ለመሥራት አስበው ከሆነ ግን ይተዉት። ከምን እንደቀለጠ የማይታወቅ ብረት አኖዳይዝ ስለተደረገ ለምግብ ንጹሕ አይሆንም፤ የልብስ ቀለምም ወጥ ውስጥ መግባት የለበትም።

ጥያቄ፦ ቆዳው በጣት ሲታሽ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይነሳል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ አሲዱ ቆዳውን ከሚያድግበት ፍጥነት ጋር እየተሽቀዳደመ ይበላዋል። ከውጭ ካለው ሙቀት ሌላ ሥራው ራሱም ያሞቃል፤ በ15 ቮልት 2 አምፔር ለ40 ደቂቃ ሲሄድ 3 ሊትር ፈሳሽ በትንሹ አምስት ስድስት ዲግሪ ይጨምራል። ውሃ ቀዝቅዞ በረዶ የሆነበት፣ ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ባልዲው ውስጥ ያስገቡ፤ በቴርሞሜትር እያዩ ከ18 እስከ 22 ያቆዩት። ፈሳሹን በፕላስቲክ ዘንግ ያማስሉት፤ ዙሪያው ቀዝቅዞ ዕቃው አጠገብ ሊሞቅ ይችላልና። ተቃራኒውም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደጋ ላይ ፈሳሹ 12 ዲግሪ ሲሆን ቆዳው ይጠነክራል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ይጠባሉና ቀለም በደንብ አይጠጣም።

ጥያቄ፦ ቀለሙ አምሮ ገባ። ከዚያ በፈላ ውሃ 40 ደቂቃ ቀቀልኩት። ውሃው ቀለም ሆነ፤ ዕቃውም ሲነኩት እጅ ያቀልማል። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያጠፉት የለም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ይህ ከውጭ አገር መመሪያ የሚሠሩ የደጋ ሰዎች ሁሉ የሚገጥማቸው ነው።

የቀዳዳዎቹ አፍ የሚዘጋው ኦክሳይዱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው። ለዚህ ቢያንስ 96 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ጊዜውም ለእያንዳንዱ ማይክሮን ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ቢጨምሩት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ድሬዳዋ 96 ስለሚደርስ እዚያ መቀቀል ይበቃል፤ ባሕር ዳርና መቀሌም ግን ከዚያ በታች ናቸው። ጨው ጨምሮ ሙቀቱን ከፍ ለማድረግ አይሞከር፤ ክሎራይዱ ሥራውን ሁሉ ያጠፋል።

መፍትሔው በግፊት የሚያበስለው ድስት፣ ፕሬሸር ኩከር ነው። ታች ሁለት ጣት የተጣራ ውሃ ያድርጉ፤ ዕቃውን ከውሃው በላይ በወንፊት መሳይ ማስቀመጫ ላይ ያሳርፉት። ግፊቱ ሲሞላ ደጋ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ 15 ማይክሮን ያለው ዕቃ በ45 ደቂቃ ይዘጋል። ዕቃው ውሃ ውስጥ ስላልተነከረ ቀለሙም አይፈስም። ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይመለስ። መዘጋቱን ለማረጋገጥ በማይታይ ቦታ ላይ የእስክርቢቶ ቀለም ጠብ አድርገው ደቂቃ ቆይተው ይጥረጉት፤ ምልክት ከቀረ አልተዘጋም።

ስለ ቀለሙም ሁለት ነገር። ከአሲድ ወጥቶ በደንብ ከታጠበ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያቆዩት፤ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ አሲድ በኋላ እየወጣ ቀለሙን ያጥባል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አይተካውም። ከዚያ ሳይደርቅ ወደ ቀለሙ። ለሱፍና ለሐር የሚሆን የልብስ ቀለም ከሁሉም ይሻላል፤ በሊትር ከ5 እስከ 10 ግራም፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከ60 ካለፈ ቀለሙ ሳይገባ ቀዳዳው መዘጋት ይጀምራል። በፓኬት ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ጨው የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ይፈትኗቸው። የግድግዳና የመኪና ቀለም ቅንጣቱ ስለሚተልቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ አሲዱን የት ላስቀምጥ? ሲያልቅስ የት ልድፋው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አሲዱ ቶሎ አያልቅም፤ ለትናንሽ ዕቃዎች 3 ሊትር ለብዙ ዙር ይሠራል። ወፍራም ጀሪካን ውስጥ፣ «አሲድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበት፣ ልጅ የማይደርስበት መሬት ላይ ይቀመጥ። በውሃ ሃይላንድ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። አሲዱ ውሃ ይመስላል፤ የጠማው ሰው ደግሞ ጽሑፍ አያነብም።

ለመድፋት መጀመሪያ ያርክሱት። ለ3 ሊትሩ 800 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። ደጅ፣ ትልቅ ባልዲ ውስጥ፣ በማንኪያ በማንኪያ ይጨምሩ፤ አረፋው በኃይል ይነሳል። ሶዳ ሲጨምሩ መፍላቱን ካቆመ አልቋል። ታች የሚዘቅጠው ነጭ ጭቃ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ውሃውን ቀድተው ካፈሰሱ በኋላ አድርቀው በላስቲክ ቋጥረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። የካስቲክ ሶዳውን ዝቃጭ ከአሲዱ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ አይደባልቁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በኃይል ሞቀው ይረጫሉ።